ናክጂ የተባለችው ልጅ

«ከዚያስ ምን ብትል ጥሩ ነው?» ዳሶም ሳቋ አላስወራ ስላላት የሩዝ ሳህኗን የእራት ገበታው ላይ አስቀመጠች። «ምሳ የምታወጣውን ሴትዮ ‹ናክጂ ትንሽ ይጨምሩልኝ› አላለቻትም! ድስቱ ውስጥ ያለው እኮ ኦጂንጎ ነው!»

በወደብ ከተማዋ ኢንቾን ያደገ ሕፃን እንኳ ሁለቱን የባሕር እንስሳት አያምታታም። ኦጂንጎ ትልቁ፣ ባለ አሥር እግሩ ነው። ናክጂ ደግሞ ትንሹ፣ ባለ ስምንቱ። ከሰሜን ኮሪያ የመጣችው አዲሷ ተማሪ ኡንሺም ስማቸውን ገለባብጣ ስትጠራ የምሳ አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«‹ናክጂ› ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አሁን ክፍሉ ሙሉ በዚያ ነው የሚጠራት።»

ሁልጊዜ ከዳሶም ቀድሞ የሚስቀው አባቷ ዛሬ ማኘኩን አቁሞ እናቷን አየ። እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኦጂንጎ እኛም አገር ናክጂ ነው የሚባለው» አለች።

«የት? ጋንግዎን?»

«ቾንግጂን።»

ዳሶም የሰማችውን ማመን አቃታት። ቾንግጂን ያለው ከድንበሩ ማዶ፣ ሰሜን ነው። እናቷ ግን ከድንበሩ ወዲህ፣ የጋንግዎን ሰው ናት። ጎረቤቶች በአነጋገሯ ሲገረሙ «ምላሴን ያጎበጠው የጋንግዎን ተራራ ነው» እያለች ስታስቃቸው ኖራለች።

«እማ፣ አትቀልጂ በናትሽ።»

«አልቀለድኩም። እዚህ እንደመጣሁ ዓሣ ተራ ሥራ ያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ልክ እንደዚያች ልጅ ‹ናክጂ› አልኩ። አንዷ ደንበኛ ‹ሰላይ!› ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ወዲያ መስታወት ፊት ቆሜ እንደናንተ መናገር ተለማመድኩ።»

«አባ ያውቃል?»

«አውቃለሁ» አለ አባቷ ቀና ሳይል።

ዳሶም ክው አለች። «እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺንም እንዳይስቁብሽ ብዬ ነዋ። ሰው ሲስቅ ችዬዋለሁ። አንቺ ትስቂያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።» የእናቷ ድምፅ ተሰበረ። «አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። የምሠራበት ዳቦ ቤት ከሰሙ በምን ዓይን እንደሚያዩኝ አላውቅም።»

ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ዳሶም አፍራ፣ የምትገባበት ጠፍቷት ባለችበት ቀረች።

ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ጋዩን፣ ኡንሺም አጎንብሳ ስትበላ ከጀርባ ያነሳቻትን ፎቶ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ልካለች። «ናክጂ ናክጂዋን ስትሰለቅጥ!» ይላል። የልጆቹ የሳቅ መልእክት ተከታትሎ ወረደ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉም በላይ የምትስቀው ዳሶም ነበረች። አሁን ግን ዓይኗ ያጎነበሰው ጀርባ ላይ ቀረ። «ፎቶውን አጥፊው። ስሟ ኡንሺም ነው» ብላ ጻፈች።

የጋዩን መልስ ወዲያው መጣ፦ «ውይ! ስሙን ያወጣሽላት አንቺ አይደለሽ እንዴ? ምን ነካሽ? ዘመድሽ ናት?»

ልጆቹ ሁሉ መልሷን መጠበቅ ጀመሩ። «ቀልዴን ነው» ብትል ነገ እንደ ልማዷ ከጋዩን ጋር ትቀመጣለች፤ የእናቷም ምሥጢር እንደተሸፈነ ይቀራል። ሌላ ነገር ብትል ግን ጥያቄው በጥያቄ ላይ ሊመጣ ነው። ፈራች።

«እማ» አለችና ስልኩን ዘረጋችላት።

እናቷ እጇን አድርቃ አነበበች። እንደገና አነበበች። ዳሶም «ተይው» ትለኛለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ስልኩን መለሰችላትና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

ዳሶም «አዎ፣ ዘመዴ ናት» ብላ ጻፈችና ላከችው።