የሃረገወይን ኢሞጂዎች

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወይዘሮ ሃረገወይን አንድ ልጃቸውን ማዕዛን ይዘው ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ገብረዋሕድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል መኪናቸው ተገልብጦ እንደወጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲያማ የሃረገወይንን መከራ ማን ተናግሮ ይጨርሰዋል! የሰው ልብስ አጠቡ፣ ግንባታ ላይ አሸዋ ተሸከሙ፣ በመጨረሻም ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ በክር ቆራጭነት ቀጠራቸው። ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር እየቀነጠቡ መዋል ዓይናቸውን አደከመው፣ ወገባቸውን አጎበጠው። ልጃቸውን ግን ከሰው በታች ሳያደርጉ አስተምረው አስመረቁ። እሳቸው ራሳቸው አንድም ፊደል አይለዩም ነበር። በልጅነታቸው ተድረው ከትግራይ፣ ከአጋመ ገጠር የወጡ ሴት፣ ማን ፊደል አስቆጥሯቸው?

ማዕዛ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሥራ ያዘችና ከጓደኞቿ ጋር ገርጂ ቤት ተከራየች። እናትየው አልከፋቸውም፤ ልጅ አድጎ መውጣቱ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ በየቀኑ ድምፅሽን አሰሚኝ አሉ። ስልክ በተዘጋበት በዚያ የጦርነት ዘመን አገር ቤት የቀረ ወንድማቸው ሞቶ፣ መርዶው የደረሳቸው ከርሞ ነው። ዝም ያለ ስልክ ያስፈራቸው ነበር። ማዕዛ ግን ቀን ቀን እንዳይደውሉ፣ የድምፅ መልእክትም እንዳይልኩ ነገረቻቸው። ሥራ ስለሚበዛብኝ ነው አለች። ውሸቷን ነው! የእናቷ የገጠር አነጋገር በዚያ መስታወት ቢሮ ውስጥ እንዳይሰማ ፈርታ ነው። ይልቅ በስዕል እናውራ ብላ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣ ኢሞጂ አስተማረቻቸው።

እሳቸውም ቶሎ ገባቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ፣ ዳቦና ዣንጥላ ይልካሉ፤ ነግቷል፣ ቁርስሽን ብዪ፣ ዝናብ አለ ማለታቸው ነው። ለፋብሪካው ሰርቪስ የሚሮጡ እግሮች፣ ወገባቸው ሲያማቸው የታጠፈች አሮጊት፣ ማታ ጨረቃና ሁለት የተገጠሙ እጆች፤ በሰላም እደሪ ነው። በክረምት ደግሞ መገናኛ ከመንገድ ዳር ነጋዴዎች ኮክ ይገዙና አጥበው ያስቀምጡላታል። ታዲያ ኮክ ይልካሉ፣ ከጎኑ የውሃ ጠብታ፤ አጥቤልሻለሁ፣ ነይ ብዪ ነው። ፊደል የነፈጋቸው ዓለም በስተርጅና አንደበት ሰጣቸው፤ በዚህ ደግሞ እንደ ልጅ ነበር ደስ የሚላቸው።

አሁን ወደሚያሳፍረው ነገር ልግባ። ማዕዛ ከሥራዋ ጎን ለጎን ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ትሠራ ነበር። ይሄ ኢሞጂ ከዚያኛው ጋር ሲገጥም ወጣቱ ምን ማለቱ ነው፣ የትኛው ጥንድ ፍቅር ነው፣ የትኛው ስድብ ነው እያለች ትፈታለች። ተከታይ አፍርታለች፤ መንገድ ላይ ሰው ይለያታል። ኮክና የውሃ ጠብታ ሲጣመሩ የዘመኑ ልጆች ምን እንደሚሉበት እዚህ መጻፍ ነውር ነው፤ ማዕዛ ግን አሳምራ ታውቃለች። አንድ ሰሞን ተመልካቿ ቀነሰ። የምታቀርበው ቢጠፋት… የእናቷን መልእክቶች አወጣቻቸው! "አንዲት የማውቃት ሴትዮ ለልጇ ምን እንደምትልክ ተመልከቱልኝ" አለች፤ እናቴ ለማለት እንኳ አፏ አልተፍታታም። ኮኩን እያሳየች የብልግናውን ትርጉም እየፈታች፣ እየተንከተከተች ለሕዝብ አቀረበችው። ስማቸውን ሸፍናለች፤ ከመልእክቶቹ ራስጌ ያለችውን፣ ነጠላ ለብሰው የተነሷትን ትንሿን ፎቶ መሸፈኑን ግን ረሳችው። አይ ጭካኔ! ዘጠኝ ወር የተሸከመ ሆድ፣ ልጅ አዝሎ አሸዋ የተሸከመ ወገብ፣ የሰው መሳቂያ ይደረጋል?

ቪዲዮው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፣ አለቃዋም ጎበዝ አላት። በሳምንቱ የእናቷ ስዕሎች ቆሙ። ማዕዛ ምን ተሰማት? እፎይ አለች! ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ከባልደረቦቿ መደበቅ ቀረላት። ማታ ስትደውል እናቷ "ደህና ነኝ" ብቻ ብለው ይዘጋሉ። ቅዳሜ ስትሄድ ይመግቧታል፣ ፀጉሯን ይዳብሷታል፣ ዓይኗን ግን አያዩትም። አንድ ነገር እንደሰሙ ልቧ ነግሯታል። ልጠይቅ ትልና ሌላ ወሬ ታነሳለች፤ ላጥፋው ትልና የተመልካቹ ቁጥር ያሳሳታል። እንዲህ እያለች ክረምቱ ወጣ።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ሃረገወይን ክር እየቆረጡ ሳሉ መቀሳቸው ከእጃቸው ወደቀ፣ እሳቸውም ተከትለው ወደቁ። አብራቸው የምትሠራው ሎሚ ከሰው ጋር ተሸክማ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሷል ተባለ። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፣ አንደበታቸው ተዘጋ። ማዕዛ እየበረረች ስትደርስ ያ በመከራ የተጨማደደ ፊት አንድ ወገኑ ተንጋዶ አገኘችው። ፌናን የተባለችው ነርስ ሁሉን እንደሚሰሙና እንደሚረዱ፣ መናገር ብቻ እንደተሳናቸው አስረዳቻት፤ መጻፍ የሚችሉ ከሆነ በግራ እጃቸው ይሞክሩ አለች። ማዕዛ መጻፍ አይችሉም ስትላት፣ ታዲያ በስዕል ቢያመለክቱስ ብላ ጠየቀቻት።

በስዕል! ማዕዛ በደስታ አለቀሰች። ስልኳን አወጣችና ኢሞጂዎቹን ደርድራ ፊታቸው አቀረበች። ወይዘሮ ሃረገወይን አንድ ጊዜ አዩዋቸው፤ ከዚያ ደህና የሆነውን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደጋግማ ለመነቻቸው። አልዞሩም፤ ከዓይናቸው ጫፍ ግን እንባ ወረደ።

ሎሚ ይሄን በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ማዕዛን እጇን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣቻትና በሆዷ የታመቀውን ነገረቻት። የፋብሪካው ልጃገረዶች በምሳ እረፍት አንድ ስልክ ከበው ሲስቁ፣ ሃረገወይን አብረው ሊስቁ ጠጋ አሉ። መጀመሪያ የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ፣ ቀጥሎ ስዕሎቻቸውን፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ፎቶ አዩ። ከሥሩ ሰው የጻፈውን ማንበብ አልቻሉም፤ ስዕል ግን ያነቡ የለ? አስተያየቱ ሁሉ የራስ ቅል ነበር፣ የራስ ቅል በራስ ቅል ላይ።

"'ሎሚ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሞቴን የሚመኘው ምን በድዬው ነው?' አለችኝ" አለች ሎሚ እንባዋን እየጠረገች። "ልጆቹ ደንግጠው 'ኧረ እማማ፣ በሳቅ ሞትን ማለት ነው' ብለው አስረዷት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'እንዲያማ ከሆነ ሞቴን ቢመኙልኝ ይሻለኝ ነበር።'"

ማዕዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! እዚያው ቪዲዮውን አጠፋችው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሌሎች ቀድተው በትነውት የለ? ተመልሳ ገባችና አልጋው ሥር ተንበርክካ ተናዘዘች። ድምፃቸው እንዳሳፈራት፣ እናቴ ብላ አለመጥራቷን፣ ስዕሎቹ ሲቀሩ እፎይ ማለቷን ሳይቀር ሁሉንም ነገረቻቸው። በትግርኛ፣ እናቴ ስትል ጠራቻቸው፤ "አደይ፣ አንድ ነገር ብቻ በዪኝ። ስድብም ይሁን፣ እርግማንም ይሁን…"

እናት ናቸውና አንጀታቸው አልቻለም። ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ወደ ስልኩ ዘረጉ። ጣታቸው ስዕሎቹን እያለፈ ይፈልግ ጀመር። ማዕዛ ስልኩን ወደ ጣታቸው አስጠጋችላቸው።

በዚህ መሃል አጎራባች አልጋ ላይ ለተኙት ሴት ጠያቂዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ወጣት ማዕዛን አየቻትና ፊቷ በራ። "ውይ፣ የኢሞጂዋ ልጅ አይደለሽ? ያቺ የኮኳ ሴትዮ እኮ ገደለችን!" እያለች፣ ወደ አልጋው እየቀረበች፣ አንገቷን ወደ ስልኩ አሰገገች።

የዚያን ጊዜ የማዕዛ እጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ ስልኩን ሸፈነው። ከመናዘዟ ገና አፏ አልደረቀም! ጠያቂዋ ልጅ እንዳታይ፣ ያቺ ሴትዮ እኚህ መሆናቸውን እንዳታውቅ… እጇ ቀደማት። ወይዘሮ ሃረገወይን የልጃቸውን እጅ አዩት። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። በሚታዘዝላቸው እጃቸው የማዕዛን እጅ ከላይ ተጫኑት፤ አብረዋት ስልኩን ሸፈኑላት። ልጃቸው እንዳታፍር ደበቁላት! ጠያቂዋ እስክትሄድ እንደዚያው ያዙላት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማዕዛ "እናቴ ናት፣ ያቺ ሴትዮ እናቴ ናት" እያለች መጮህ ስትጀምር ልጅቷ ወጥታ ነበር። ወይዘሮ ሃረገወይን ከዚያ በኋላ እጃቸውን ወደ ስልኩ አልዘረጉም፣ በማግስቱም ዐረፉ።

ቀብሩ ሆነ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ማዕዛ ገጿን ዘጋች፣ ቦሌ ያለውን ሥራዋንም ለቀቀች። አራብሳ ተመልሳ በእናቷ አልጋ ላይ ትተኛለች። ያች ጣት የትኛውን ስዕል ፍለጋ ነበር የሄደችው? ይቅር ብዬሻለሁ ሊሏት ነበር? ረግሜሻለሁ ሊሏት ነበር? ወይስ ምስኪን፣ የቱ ጋ እንደሚያማቸው ሊናገሩ ብቻ ነበር? ሎሚ ልታጽናናት እየመጣች፣ ዕጣ ፈንታ ነው ልጄ፣ ከላይ የተጻፈ ነው ትላታለች። ማዕዛ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሌላው ሐዘንተኛ ዕድሉን አማርሮ ይወጣለታል፤ እሷ ግን በማን ታማርር? ስልኩን የሸፈነው እጅ የራሷ ነው።