በሩን ማን ቀረቀረው?

የጋራዡ በር በሪሞት የሚከፈት ነው። የቤቱ አባወራ ግን ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያምኑም፤ ማታ ማታ ከውስጥ በብረት መቀርቀሪያ ይቀረቅሩታል። ጠዋት ከልጃቸው ቀድመው ተነስተው ስለሚከፍቱት ጉዳዩ ለዓመታት በሰላም አለፈ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጣላቸው።

ልጅቷ ኬክ ጋጋሪ ናት። ያን ቀን ባለ ሦስት ፎቅ የሠርግ ኬክ መኪናዋ ላይ ጫነችና ሪሞቱን ተጫነች። ሞተሩ ጮኸ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ደግማ ተጫነች። የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ አለና ሞተሩ ለብቻው ይሽከረከር ጀመር። ኬኩ በታክሲ ሄደ፤ አንዱን ፎቅ አባቷ ታቅፈውት።

ከሰዓት በር ጠጋኙ መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ የሞተሩን ክዳን ፈታና አንድ የፕላስቲክ ማርሽ አውርዶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ጥርሶቹ በአንድ ጎን ተበልተው አልቀዋል።

«እህቴ፣ በሩ ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲጎትት እንዲህ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን ከብረት አይሠሩትም?»

«ያኔ የሚቃጠለው ሞተሩ ነዋ። አንዱ መሸነፍ አለበት።»

ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበር አደረገ። «እህቴ» የምትለውን ቃል ማን እንዳስተማረው እንጃ እንጂ፣ አላስደሰታትም።

ብሎን ስታቀብለው ጣታቸው ተነካካና ብሎኑ ወደቀ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ፈለጉት። ብሎኑ ፊታቸው ነበር።

አዲሱን ማርሽ ገጥሞ፣ ቅባት ቀብቶ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ እንዳይቀረቅሩት አደራ» ብሎ ሄደ። አባቷም ማሉ።

ሳምንታት አለፉ። በሩ ያለ ምንም እንከን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሥራውን አሳምሮ የሠራን ሰው እንዲህ ረግማ አታውቅም። አንድ እሑድ አባቷ ገላቸውን ሲታጠቡ ጋራዡ ገብታ በሩን ራሷ ቀረቀረችና ሪሞቱን ተጫነች። ያ ቀጭ ቀጭታ እስኪሰማ ጣቷን አላነሳችም።

በማግስቱ በር ጠጋኙ ሲመጣ አባቷ ደጃፍ ላይ ጠበቁት።

«ስማ ልጄ፣ የበሰበሰ ዕቃ ነው የገጠምክልን! እኔ መቀርቀሪያውን ነክቼ ከሆነ ይሄ እጄ ይቆረጥ!»

መሰላሉ ላይ ወጥቶ ማርሹን አየ። ሽማግሌውን አየ፤ የሚዋሹ አይመስሉም። ከዚያ እሷን አየ። እሷ ወለሉን ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ ታጠናዋለች።

«ልክ ነዎት አባባ» አለ። «ዕቃው ደካማ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ይሄን ቀይርና የመጨረሻህ ይሁን። ሌላ ባለሙያ እንጠራለን። ለሰፈሩም እናገራለሁ።»

እሱ የፈታውን ብሎን መልሶ አጠበቀ፤ ያጠበቀውን መልሶ ፈታ።

ዝም ካለች ስሙ ጠፍቶ ላይመለስ ይሄዳል። ከተናገረች ደግሞ ፊቷን የት ታድርገው?

«አባዬ፣ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ሌባ ፈርተሽ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ?»

ቀና ብላ ወደ መሰላሉ አየች። መሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ መውጣትም መውረድም አቃተው። አባቷ እሷን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ተመልሰው እሷን አዩ።

«የሱ ስልክ የለሽም?»

«አለኝ።»

«እና ደውሎ ሰላም ከማለት ሞተር መስበር ቀለለሽ?»

«ምን ብዬ ልደውል አባዬ? ‹በሩ ደህና ነው› ልበለው?»

«እኔ እንኳ አውቃለሁ ደህና እንደነበር» አለ ድምፅ ከላይ። «በዚህ መንገድ ስንቴ አልፌያለሁ። ሲከፈት ባየሁት ቁጥር እናደድ ነበር።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ኮታቸውን አነሱ። ድሮ ያኮረፉትን ጓደኛቸውን ሊታረቁ መሄዳቸው እንደሆነ አስታወቁ። «እርቅ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል» ብለው ወጡ።

እሷ መሰላሉን ያዘችለት።

«ተናደድክብኝ?»

«ትንሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ማርሹን ቀይሬ እስክጨርስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አብረን እንወጣለን። የምትነጂው ግን አንቺ ነሽ» አለና እጁን ዘርግቶ አሳያት። «እዪው፣ ይንቀጠቀጣል።»