ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ሰው

ሐኪሙ «ትሄጃለሽ፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም» ካለኝ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነበር ሠላሳ ኪሎ ሜትር በእግሬ ልሄድ የተነሣሁት። የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ ነኝ። ከላይኛው መደርደሪያ የሳል ሽሮፕ ላወርድ መሰላል ላይ ወጥቼ ወደቅሁና ቀኝ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በብረት ጠገኑት።

እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ አማተበች።

«እግዜር የመለሰልሽን እግር መልሰሽ ልትፈታተኚበት ነው?»

«ላመሰግነው ነው እንጂ፣ እማዬ።»

«ተቀምጦም ይመሰገናል!»

ቢሆንም በጉዞው ዕለት ጠዋት ወንድሜ በመኪናው መነሻው ድረስ አደረሰኝ። የተመዘገብኩበት የእግረኞች ማኅበር ረጅሙን ጉዞ የሚያደርገው በዓመት አንዴ ነው። መጀመሪያ አስፋልት ነው፤ ከዚያ በጫካ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ይከተላል፤ መጨረሻው ሐይቅ ዳር ነው። ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከፊት ይመራሉ። ማንም መንገድ ላይ እንዳይቀር ደግሞ አንድ ሰው ከሁሉ ኋላ ይሄዳል። «ማሳረጊያ» ይሉታል።

አምስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የመጨረሻዋ ሰው እኔ መሆኔ ለይቶለት ነበር። ሌሎቹ ኩርባውን አልፈው ከዓይን ጠፉ። ማሳረጊያው ብቻ ቀረኝ፤ ትከሻው የሰፋ፣ እጆቹ የሻከሩ፣ ዝምተኛ ወጣት። መኪና ሲበዛ በቀኜ በኩል መጥቶ በመኪኖቹና በእኔ መካከል ይሄድ ጀመር።

«ከፈለግህ ቅደም፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩት። ውሸቴን ነው።

ዝም።

«ሁልጊዜ ነው ከኋላ የምትሄደው?»

አሁንም ዝም። ከአጥር ላይ የተነሣች ወፍ በዓይኑ ይከተላል።

«ደግሞ ኩራቱ!» አልኩ፣ ድምፄንም ዝቅ ሳላደርግ።

አስፋልቱ አልቆ ጫካው ውስጥ ገባን። እርጥብ ቅጠል ይሸታል፤ ብርሃኑ በዛፎቹ መካከል ተቆራርጦ ይወርዳል። አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ግንድ ተጋድሞ ነበርና እሱ ቀድሞ ተሻገረ፤ እጁን ዘረጋልኝ። ይዤው ስሻገር ቦታ ተለዋወጥን፤ በሌላኛው ጎኑ ሆንኩ። እኔም ለራሴ «ደንቆሮ ነው እንዴ ሰውየው?» ብዬ አጉረመረምኩ።

«በአንድ በኩል ብቻ» አለ።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

«እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት መጋዝ አጠገብ ቆሜ ግራ ጆሮዬ ተሰናበተኝ» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። «አስፋልቱ ላይ ስትናገሪ የነበረው ለእኔ ነው?»

«እ… አዎ።»

«ምን ምን አልሽኝ?»

«ተወው።»

«ስድብም ካለበት ንገሪኝ፤ ድርሻዬ ነው።»

አንድ በአንድ ነገርኩት። «ደግሞ ኩራቱ!» ላይ ስደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ዛፍ ተደገፈ። እኔም ሳቅሁ። እግሬ ከተሰበረ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አጠረ። በደረስንበት ዛፍ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ይሄ ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል፣ ያኛው በር» ይለኛል። አንድ ጠማማ፣ ጉጥ የበዛበት ዛፍ ስር ቆምንና «ይሄስ?» አልኩት።

«ይሄ ምንም አይሆንም። ቆሞ ይኑር።»

ቀና ብሎ ሲያየው ዓይኑ ውስጥ የነበረው ደስታ አሁንም አይረሳኝም።

ሃያ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ እምቢ አለ። ጫካውን አንድ የጠጠር መንገድ ያቋርጠዋል፤ እዚያ የደከመ ሰው የምትወስድ የማኅበሩ መኪና ቆማለች። ጉቶ ላይ ቁጭ ብዬ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። እግሬ አብጧል። እንባዬ መጣ።

አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ሲለኝ ኖሯል። እሱ አላለኝም። መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና ጠጠሩን አራገፈ።

«ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እግሩ ያንቺ ነው።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔ ብሆን መኪናዋ ላይ እወጣ ነበር። ግን እኔ ስእለት የለብኝም።»

«እኔ እንዳለብኝ በምን አወቅህ?»

«በዚህ እግር ለጨዋታ የሚመጣ የለም።» ጫማውን አሰረ። «ብትሄጂ ከኋላሽ ነኝ። አምስት ሰዓት ቢፈጅም ከኋላሽ ነኝ።»

ሹፌሩን «አመሰግናለሁ፣ ሂድ» አልኩት። ከዚያም ተነሣሁ።

«ከኋላዬ ግን አትሁን። ከጎኔ ሁን።»

«በየትኛው ጎን?»

«በሚሰማህ በኩል።»

ዞሮ በግራዬ በኩል መጣ።

የቀረውን ስምንት ኪሎ ሜትር አራት ሰዓት ሄድነው። ምርኩዝ ቆርጦ ሰጠኝ። አቀበት ላይ ክንዱን፣ ሜዳ ላይ ጨዋታውን። ሐይቁ በዛፎቹ መካከል ብልጭ ሲል ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ተንበርክኬ ውሃውን በመዳፌ ዘገንኩና ፊቴን አራስሁ። ምን ብዬ እንዳመሰገንኩ ለራሴ ይቆይ።

ወንድሜና እናቴ እየጠበቁኝ ነበር። እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻ አብሮኝ የመጣውን ሰው አየችው። ወደ ዳር ጎትታ ማንነቱን ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት፤ የጆሮውንም ጭምር። ፊቴ የቀረውን ሳይነግራት አልቀረም።

«ወይ ጉድ! አንቺ በእግርሽ፣ እሱ በጆሮው! ሁለት ስንኩል ተደጋግፎ የት ይደርሳል?»

አይሰማም ብላ ነው። ደህነኛው ጆሮው ወደ እኛ ነበር።

«እስከ ሐይቁ ደርሰናል፣ እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እናቴ በዚያ ሐፍረት ስድስት ወር ስሙን በቤታችን አላነሣችም። እኔ ግን ከሥራ ስወጣ አገኘው ነበር። አልፈረድኩባትም። ሆስፒታል ሳለሁ ዘጠኝ ሳምንት አልጋዬ አጠገብ፣ ወንበር ላይ ነው ያደረችው። አንድ ቀን ጥያቄዋ አመለጣት፦ «ዳግመኛ ብትወድቂ ማን ይሰማሻል?»

ይህን ስነግረው አልተቀየመም። «እውነቷን ነው። ልትጠይቀኝ ይገባል» አለና በሚቀጥለው እሑድ እሱው ራሱ ቤታችን መጣ።

እኔ በተከፈተው የወጥ ቤት በር እያየኋቸው ሻይ ሳፈላ እናቴ ዝምታው ሲከብዳት ነው መሰል ማውራት ጀመረች። ያንን ዘጠኝ ሳምንት፣ ለእኔ እንኳ ነግራኝ የማታውቀውን፣ አወራችው። ወንበሩን አዙሮ፣ ሙሉ ሰውነቱን ወደ እሷ አድርጎ ሰማት። አላቋረጣትም። ሻዩን ይዤ ስገባ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ወጥ ቤት ተከትላኝ መጣችና «ይሄ ልጅ በአንድ ጆሮ ነው የሚሰማው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ወንድምሽ በሁለቱም እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅ!»

ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲዘገይ በመስኮት የምታየው እሷ ሆነች። ከወራት በኋላ አንድ እሑድ፣ በር ድረስ ልትሸኘው ወጥታ «ልጄ፣ የምትለው ነገር ካለህ አትዘግይ፤ መጠበቅ አልችልበትም» አለችው።

ደረጃው ላይ ቆሞ ቀላ። ወደ እኔ ዞረ፤ በዚያ ሻካራ እጁ እጄን ይዞ እንዳገባው ጠየቀኝ።

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ከአፌ የሚወጣው ግን «ተመስገን፣ ተመስገን» ብቻ ሆነ፤ እንባዬ ይወርዳል። እሱም ግራ ገብቶት ያየኛል።

እናቴ በሩን ሳትዘጋ ቆማ ኖሯል።

«አዎ እያለችህ ነው» አለችው።