የአቶ ቢሆነኝ ፊርማ

በዛብሽ ጠዋት ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብላ የኑግ መጋዘኑን ስትከፍት፣ የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀ መንበር አቶ ቢሆነኝን ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በገመድ ተንጠልጥለው አገኘቻቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ጆንያ የሰፋችበት ቤት ነው፤ ጮኻ ወጣች፣ ተመልሳም አልገባች።

ኢንስፔክተር ምሥራቅ ከሞጣ ተጠርታ ቢቸና ስትደርስ የዘይት ፋብሪካው ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ተጠጋግተው ቆመዋል። ማዘኑንስ አዝነዋል፤ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። ፋብሪካው ከስሯል፤ «ስትወጡ ታገኙታላችሁ» እየተባለ በየወሩ የተቆረጠባቸው የጡረታ ገንዘብ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ተስፋቸው ለፍርድ ቤት ያስገቡት አቤቱታ ነው፤ እሱን ይዘው የሚሟገቱላቸው ደግሞ ሟቹ ነበሩ።

ምሥራቅ ከሟቹ የደረት ኪስ አንድ ወረቀት አውጥታ ብቻዋን አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወለሉን ቃኘች። የሟቹ እግር ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሏል፤ በአጠገቡ በርጩማም ሣጥንም የለም።

«ምን ላይ ቆመው ተሰቀሉ?» አለች ለራሷ። ሌላ ሰው ነው የሰቀላቸው።

የመጋዘኑ ቁልፍ የሚያድረው ሦስት ሰዎች ዘንድ ነው። ሦስቱንም ለየብቻ ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ሠራተኛው ጡረታውን ትቷል ብለው አቶ ቢሆነኝ የፈረሙት ወረቀት ተገኝቷል። መቼ ፈረሙ?»

ሥራ አስኪያጁ ባምላኩ ላቡን ጠረገ። «ፈረሙ? ስድስት ወር ለምኛቸው እምቢ ብለውኝ! ወረቀቱ ካለማ ዳንኩ።»

ዘበኛው አብዱራዛቅ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ እሳቸው አይፈርሙም። እጄን ቁረጡኝ ይላሉ እንጂ!»

የማኅበሩ ምክትል ይታገስ ግን አላመነታም። «አምና ጳጉሜን ስድስት፣ እዚሁ እኔ ፊት። አልናገርም ብዬ ነበር እንጂ፣ ጸጸቱ ነው የገደላቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። በዛብሽ ነጠላዋን ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። ወረቀቱ እውነት ከሆነ የሃያ ስድስት ዓመት ድካሟን ውኃ በላው።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ለማንም አልተናገርኩም» አለች ምሥራቅ። «ጳጉሜን ስድስት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ይላል። አቶ ይታገስ ግን ሳላሳያቸው ነገሩኝ።»

«ሲፈርሙ ስላየሁ ነዋ!»

«አላዩም። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። አምና ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ጳጉሜን በአምስት አለቀች። ቅኔ ቤት ያደጉት አቶ ቢሆነኝ በሌለ ቀን አይፈርሙም። ከኪሳራው በፊት የተፈረመ እንዲመስል ቀኑን ወደ ኋላ የጎተቱት እርስዎ ነዎት። በሌለ ቀን የተጻፈውን ወረቀት ኪሳቸው የከተተው ደግሞ የገደላቸው ሰው ነው።»

ይታገስ እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«ጡረታ ልወጣ አራት ወር ነው የቀረኝ» አለ ቁጢጥ እንዳለ። «ፊርማውን ካመጣህ ያንተን ብቻ እንከፍልሃለን አለኝ ባምላኩ። እሳቸው እምቢ አሉ፤ እኔ ብፈርምላቸውም በሕይወት ካሉ ፊርማው የኔ አይደለም ይላሉ። ፈራሁ፤ በስተርጅና ለልመና መውጣት ፈራሁ።»

ባምላኩ አንገቱን ደፋ።

«አቤቱታችሁ አልወደቀም» አለች ምሥራቅ ወደ ሠራተኞቹ ዞራ። «ከከሰረ ፋብሪካ ምን እንደሚገኝ ግን እኔም አላውቅም።»

ለይታገስ ካቴናው ሲገባለት በዛብሽ ጠጋ አለች።

«አንተንስ ወኅኒ ቤት መንግሥት ይጦርሃል» አለችው። «እኛን ማን ይጦረናል?»