ሟቹ የቀዘፈው ታንኳ

ሶፎንያስ ማጅራቱን በብሎኬት ቁራጭ ተመትቶ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ሞቷል። ኢንስፔክተር ልክነሽ የሲቀላ ሰፈርን ሙቀት ተሸክማ ስትደርስ መጀመሪያ መቀመጫ ፈለገች። ክፍሉ ያለው አንድ ወንበር ነው፤ እሱም ተይዟል።

ደጅ እጮኛው ማዕዶት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ሰኞ ገረሴ ከተማ ነርስ ሆና ሥራ ትጀምራለች፤ ካልታሰረች።

«ጋሽ ሚፍታ፣ ምን ሰሙ?» አለች ልክነሽ አከራዩን።

«ሱቄና ክፍሉ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ጓደኛው ይፍሩ ከክፍሉ ወጥቶ ደጃፌ ተቀመጠ። የኮምፒውተር ጨዋታው ድምፅ ጢጥ ጢጥ ይላል። ‹ይኸው፣ ሶፊ እየቀዘፈ ነው› አለኝ። ቆይቶ ድምፁ ቆመ። ከዚያ እጮኛው መጣች፤ አንኳኩቼ መልስ አጣሁ ብላ ወጣች። ይፍሩ ሊያየው ገባ፤ ጮኸ። ሌላ ሰው በፊቴ አላለፈም፣ ወላሂ!»

ጨዋታውን ይፍሩና ሟቹ አብረው ጽፈውታል። ሥዕል የለውም። ጥቁር ገጽ ላይ በፊደላት የተሠራ ታንኳ የጫሞን ሐይቅ ያቋርጣል።

«እንዴት ነው የሚሄደው?» አለች ልክነሽ ይፍሩን።

«ፕሮግራሙ ቁልፍ እስኪነካ ይጠብቃል። ‹ዲ›ን ሲነኩ አንዴ ይቀዝፋል፤ ጢጥ ይላል። ካልነኩት አይሄድም፣ አይጮኽም።»

«ስለዚህ ድምፁ እስኪቆም በሕይወት ነበር?»

«እንዲያ ይመስለኛል» አለ ይፍሩ አንገቱን ደፍቶ።

«ስትገባ ምን ነካህ?»

«ኧረ ምንም! ሁሉም እንዳለ ነው።»

ልክነሽ ወደ ገጹ ጎንበስ አለች። «ደርሰሃል» ይላል። ጨዋታው አብቅቶ ኮምፒውተሩ አዲስ ትእዛዝ በሚጠብቅበት ቦታ ግን ‹ዲ› በ‹ዲ› ላይ ተደርድሮ ገጹን ሞልቶታል፤ ከዚያ ቆሟል። አዛጋች።

ሬሳው ሲነሳ ሁሉንም ሱቁ ደጃፍ ሰበሰበች። አንዱ ፖሊስ ውስጥ ሆኖ ጨዋታውን እንደገና አስጀመረና ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ።

«ይኼ እንኳ ሶፊ ነው» አለ ሚፍታ። «ይጫወታል፣ ያርፋል፣ ስልክ ያነሳል።»

«አሁን ተጭነህ ያዘው!» አለች ልክነሽ ፖሊሱን።

ድምፁ ያለ ፋታ ተንጠባጠበ።

«ይኼ! የዛሬው ይኼ ነው!» አለ ሚፍታ።

«ጣቢያ ሪፖርት ስጽፍ እንቅልፍ ይጥለኛል» አለች ልክነሽ። «ጣቴ አንድ ቁልፍ ላይ ይቀራል፤ ስነቃ ገጹ በአንድ ፊደል ሞልቷል። ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ደጋግመው የነኩት ይመስለዋል፤ ጣት ይሁን ጠጠር አይለይም። ሕያው ሰው ታንኳው ሲደርስ እጁን ያነሳል። ይኼኛው ደርሶም ቀጠለ። ስለዚህ ቁልፉ ላይ ዕቃ ተጭኖ ነበር፤ ሶፎንያስም ጢጥታው ሳይጀምር ሞቷል። ያኔ ማዕዶት ገና አልመጣችም። ከክፍሉ የወጣው አንድ ሰው ነው። እኔ ስደርስ ደግሞ ፊደሉ ቆሟል፤ ዕቃውን ያነሳ አለ። ገብቶ ምንም አልነካሁም ያለው ማን ነው?»

ሁሉም ዞረው ይፍሩን አዩት።

«ስሜን ከጨዋታው ላይ ሰረዘው» አለ፣ ድምፁ ደክሞ። «አብረን የጻፍነውን፣ ብቻዬን ሠራሁት ብሎ አዲስ አበባ ሥራ ሊገባበት ነው።»

«ምን ነበር የጫንክበት?»

«አፕል። የጨንቻ።»

«የት አለ?»

«በላሁት።»

ልክነሽ «በላው» ብላ ጻፈች። በዚህ ሥራ የማትሰማው የለም።

«ልጅቷን ልቀቋት» አለች ፖሊሶቹን።

ማዕዶትን እጇን ለቀቋት፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሬሳው ሲወጣ እንኳ ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ ብታለቅስ ጥፋቷ አስለቀሳት እንዳይሏት ፈርታ።

«አሁን ላልቅስ?» አለች።

«አልቅሺ፣ የኔ ልጅ» አለች ልክነሽ፤ ፖሊሶቹንም ፊታቸውን እንዲያዞሩ በዓይኗ አዘዘቻቸው።