መርፌው አይነሳም

የጥርስ ሐኪሙ በሙዚቃ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደ ሐብል ተንጠልጥሏል። ከራስጌው ያለው የድምፅ ማጉያ የብረት መቆሚያ ደም ነክቶታል፤ ከእግሩ ሥር የመደርደሪያው መሰላል ወድቋል። ነገሩ ለቸኮለ ሰው ግልጽ ነበር፤ የሙዚቃ ሸክላ ሊያወርድ ወጣ፣ አዳለጠው፣ ሞተ። የበለጠ ለቸኮለ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ግልጽ ነበር፤ ሚስቱ ገፋችው።

የጣቢያው አለቃ የበለጠ ከቸኮሉት ወገን ነበር።

«ጎረቤት ሰምቷል» አለ፣ መርማሪዋ ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ። «ትናንት ‹ይህን ጩኸት አንድ ቀን ካንተ ጋር አቃጥለዋለሁ› ብላዋለች። ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። የወደቀው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሷ የጠራችን አራት ከሩብ ላይ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጊዜ።»

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በግድያ ተከሳ ትሄዳለች። ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች እይ፤ አጥንት፣ እሳት፣ ቀንድ። እንዲህ ያለ ነገር በሚሰማበት ቤት ሰው ባይሞት ነበር የሚገርመው።»

መርማሪዋ በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዋ ካሰረቻቸው ነፍሰ ገዳዮች ስምንቱ የለስላሳ ፍቅር ዘፈን ወዳጆች ነበሩ፤ በዚህ የተነሳ ለስላሳ ዘፈን ይመርመር ያለ ሰው ግን ሰምታ አታውቅም። ስንፍና እውቀት መስሎ ሲቀርብ ደሟ ይፈላል። ደሟ ሲፈላ ደግሞ ዝም ብላ ዕቃ ማየት ልማዷ ነው።

የማጉያው ቀይ መብራት በርቷል፤ ሳጥኑን ብትነካው ይሞቃል። የማዳመጫው ገመድ ተሰክቷል። የሸክላ ማጫወቻው ክዳን ግን ተዘግቷል፣ ሳህኑም ባዶ ነው። ሰው ማዳመጫ አንገቱ ላይ አድርጎ ባዶ ሳህን አያዳምጥም። እንግዲያው አንድ ሸክላ ሲዞር ነበር፤ አንድ ሰውም አንስቶታል።

መደርደሪያው ላይ ሺህ ያህል ሸክላ አለ። አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ሟቹ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር፤ የውስጡ የወረቀት ከረጢት ሁልጊዜ አፉ ወደ ጎን፣ ከሽፋኑ አፍ ጋር አንድ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን አፉ ወደ ላይ የሆነ አንድ አገኘች፤ አንድ ብቻ። ሽፋኑ ላይ በእጅ የተሳለ የወደብ ክሬን አለ፤ ከሥሩ «ሰባተኛው ፈረቃ» ይላል። ሸክላውን መስኮት አጠገብ አዘንብላ አየችው። በሁለተኛው ጎን፣ ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ጥልቅ ጭረት አለ። አዲስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ብናኙ እንኳ አልረገፈም።

ጠረጴዛው ላይ የሟቹ የቀጠሮ ደብተር ተዘርግቷል። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፦ ከበሮ መቺው ይመጣል» ይላል፤ አጠገቡ ስልክ ቁጥር። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ሚስቱ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ሠርታ የገባችበትን ጫማ እንኳ የግራውን በቀኝ እግሯ አጥልቃለች።

«ሁለት ሰዓት ላይ ተኛሁ» አለች። «እኔ ስተኛ እሱ በማዳመጫ ይሰማል። የአሥራ ስድስት ዓመት ስምምነታችን ነው።»

«ምንም አልሰማሽም እህቴ?»

«አንድ ነገር ዱብ አለ። በሕልሜ ይሁን በእውኔ አላወቅኩም። ተገላብጬ ተኛሁ።» ጫማዋን አየች። «ተገላብጬ ተኛሁ» አለች እንደገና።

«ማጫወቻውን ትነኪዋለሽ?»

«እኔ? አንዴ አቧራ ልጠርግለት ብዬ ሸክላ በመዳፌ ብይዝበት፣ ልጅ የጣልኩበት ይመስል ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ አልደርስበትም።»

«በጓሮው በር ማን ይገባል?»

«ማኅበርተኞቹ ናቸዋ። ሦስቱም ቁልፉ ከአበባ ማሰሮው ሥር እንዳለ ያውቃሉ።»

ማኅበሩ ማለት ሟቹን ጨምሮ አራት ሰው ነው። በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ማንም የማያውቀውን የሄቪ ሜታል፣ የዚያ ከባድና ጯኺ የጊታር ሙዚቃ፣ ባንድ ሸክላ ያመጣል፤ ይሰማሉ፤ ከዚያ እስኪመሽ ይጨቃጨቃሉ።

የመጀመሪያውን ማኅበርተኛ አንድ ሕንፃ ላይ፣ መወጣጫ እንጨት ጫፍ አገኘችው። ቀለም ቀቢ ነው፤ በትከሻው ስፋት «ዶዘር» ይሉታል። ዜናውን ሲሰማ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጥሎት ማውጣት ረሳ።

«ጠላት ነበረው ወይ ነው የሚሉኝ? እኔ ነበርኩ» አለ። «እሱ ፈጣኑን ነው የሚወደው፤ እኔ ቀርፋፋውን። ኢንስፔክተር፣ ‹የዛገ መልሕቅ› የሚባሉ አሉ፤ አንዲት የጊታር ሐረግ አሥራ አንድ ደቂቃ ይደጋግማሉ። አሥረኛው ላይ ሕንፃው የሚራመድ ይመስልዎታል። እሱ ግን ‹ዶዘር፣ ይህን እየሰማሁ ሁለት ጥርስ ነቅዬ አንድ መሙላት እችላለሁ› አለኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማው። ሕጋችን ነው። የሸክላው ጎን ሳያልቅ የማጫወቻው መርፌ አይነሳም። በሰው ምርጫ ላይ መርፌ ማንሳት ፊቱ ላይ ከመትፋት አይሻልም።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«ጆሮ ነዋ። የሂሳብ መምህሩ።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከመወጣጫው እንዳልወረደ አሠሪው መሰከረለት።

ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ «መቀስ» ይሏታል፤ ለምላሷም ለሥራዋም ነው። ብቻዋን ስትሠራ ስለዋለች ምስክር የላትም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ተናገረች። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

«ስለ ሰባተኛው ፈረቃ ንገሪኝ» አለች መርማሪዋ።

«እሱን ጆሮን ይጠይቁት፤ ያገኛቸው እሱ ነው። አራት የወደብ ሠራተኞች። መቶ ሸክላ ብቻ አሳተሙ፤ ከዚያ መጋዘን ሲቃጠል አራቱም አለቁ። ከበሮ መቺው በሩን ሊከፍትላቸው ሲታገል እንደሞተ ጆሮ ማኅበራችን በሚያወጣው መጽሔት ላይ ጽፎታል። እኔ መቀሷ አለቀስኩ፤ ያውም በደንበኛ ቀሚስ ላይ። ጽሑፉ የወጣው የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ጆሮ፣ ጆሮ የተባለው በእነሱ ነው።»

«አራቱም ሞተዋል?»

«አራቱም።»

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። ከበሮ መቺው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል።

መምህሩን ቤቱ ፈተና ሲያርም ነው ያገኘችው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት።

«ሰዎች ሜታልን የሚፈሩት ሞትን በስሙ ስለሚጠራ ነው» አለ። «ወዳጄ ይህን ያውቅ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ፣ መምህር?»

«እዚሁ። ከነጋ ጀምሮ ከእነዚህ አርባ ሁለት ወረቀቶች ጋር።»

የታረሙት ስድስት ነበሩ።

«ሰባተኛው ፈረቃን ለሟቹ የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«በስጦታ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የእሱን ቅጂ ከዚያ ወዲህ በዓይኔም አላየሁት፤ እኔ የራሴ አለኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስለ ሸክላ አልሳሳትም፣ ኢንስፔክተር።»

መንገድ ላይ ቆማ የሟቹ ደብተር ላይ ወደነበረው ቁጥር ደወለች። አንድ የጎረነነ ድምፅ አነሳ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጥቂት ጥያቄ ጠየቀችው፤ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ እንዲመጣም ለመነችው።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነስቷል። ነርሷ በአለቃውና በአንድ ፖሊስ መካከል ተቀምጣለች፤ አለቃው የእጅ ሰንሰለቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሰዓቱን ያያል። መርማሪዋ መጋረጃውን ዘጋች። መምህሩን ከማጫወቻው በጣም የራቀው፣ የበሩ ጥግ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ማኅበራችሁ በየቅዳሜው የሚያደርገውን እናድርግ» አለች። «የዛሬው ምርጫ የሟቹ ነው። ሕጉን ታውቃላችሁ።»

ሸክላውን በሁለተኛው ጎን አስቀመጠችው። መርፌው ወረደ።

አለቃው ፊቱን አጨማደደ። ጊታሩ እንደ ብረት መቁረጫ ተነሳ፤ ቤዙ ከወለሉ ሥር ገባ፤ ከበሮው እየሸሸ የሚያሳድድ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ዶዘር ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል። ሁለተኛው አለቀ። በመሃል የሁለት እስትንፋስ ያህል ጸጥታ ሆነ፤ ሦስተኛው ጀመረ።

መርማሪዋ ወደ መርፌው አላየችም። የምታየው የመምህሩን እጆች ነበር። ጉልበቱን ይዘዋል። ጣቶቹ ነጡ። መርፌው አንድ ዙር ዞረ፣ ሌላ ዙር ዞረ፤ ሙዚቃው ንጹሕ ነበር፣ እንከን የለውም። በድንገት መምህሩ ተነሳ፣ ክፍሉን በሦስት እርምጃ አቋረጠ፣ መርፌውን አነሳ።

ሙዚቃው ተቆረጠ።

«ጆሮ» አለ ዶዘር ቀስ ብሎ። «መርፌ አነሳህ።»

«ይሰበራል» አለ መምህሩ። «መርፌው ይሰበር ነበር።»

«በምን?» አለች መርማሪዋ።

«በጭረቱ ነዋ።»

«በየትኛው ጭረት?»

የመምህሩ እጆች ግን ሥራቸውን ቀጥለው ነበር፤ ሸክላውን በጠርዙ አነሱት፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት፣ አፉን ወደ ላይ አዙረው ወደ ሽፋኑ ከተቱት። ከዚያ እጆቹ ያደረጉትን እሱም አየው።

«ጭረቱ ጋ ገና አልደረሰም ነበር» አለች መርማሪዋ። «መጋረጃው ዝግ ነው፤ እርስዎ የተቀመጡት በሩ ጋ ነው። ስለ ጭረቱም ለማንም አልተናገርኩም። በአሥራ አንድ ዓመት ይህን ቅጂ አላየሁም ያሉትም እርስዎ ነዎት። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ማጉያው በርቶ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ስለዚህ ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ሸክላውን ያነሳ ሰው አለ። ጭረቱ የተፈጠረው ሟቹ ሲወድቅ ትከሻው ጠረጴዛውን መትቶ መርፌው ሲንሸራተት ነው። መሰላሉን ያጋደመውም ያው ሸክላውን ያነሳው ሰው ነው፤ ከላይ መደርደሪያ ምንም አልወረደምና። ይህች ሴት ብትሆን ኖሮ ሸክላውን እየዞረ ትተወው ነበር፤ እንዴት እንደሚያዝም አታውቅም። ይህን ያደረገ ሸክላ የሚወድ ሰው ነው። አቧራ እንዳይገባና ሸክላው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ብሎ የከረጢቱን አፍ ወደ ላይ አድርጎ የሚያስገባ ደግሞ፣ አሁን ሁላችሁም እንዳያችሁት፣ አንድ ነው።»

«ግን ለምን?» አለች መቀስ። «እሱ እኮ እንደ ወንድሙ ነበር።»

በሩ ተንኳኳ። ነጭ ሽበት ያለው፣ የሹፌር ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ ገባና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሐኪሙ ጠርቶኝ ነበር» አለ። «የሰባተኛው ፈረቃ ከበሮ መቺ እኔ ነኝ።»

መቀስ ከወንበሯ ተነሳች። «እርስዎ ሞተዋል እኮ።»

«ሐኪሙም ጥርሴን ሲሞላ እንዲሁ ነው ያለኝ። የምን ሞት፣ ልጄ? ባንዱን ሰልችቶን ተውነው። ጊታሪስቱ ዓሣ ይሸጣል። የተቃጠለብን ነገር ቢኖር አንድ ጊዜ ሾርባ ነው።»

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ሸክላውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጠዋት ደወለልኝ» አለ። «‹በሰው ፊት እንዳታፍር አስቀድመህ ና፤ አንተው ራስህ ንገራቸው› አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚጠቅስልኝ ያቺን ከራሴ የፈጠርኳትን ጽሑፍ ነው። ለምኜው ነበር። ‹እውነቱ ይሻላል፤ ሙዚቃውን እሳቱ አላሳመረውም› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ከዚያ ሸክላውን አነሱ።»

«መርፌው እየዘለለ ይፍቀው ነበር። እንዲያ ትቼው መሄድ አልቻልኩም።»

መርማሪዋ እስከዚህ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም ነበር፤ አሁንም አላደረገችም። ከአፏ የጠፋው አክብሮቱ ነው።

«ሰውየውን ግን ትተኸው ሄድክ» አለች። «አስከሬን መርማሪው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሕይወት ነበር ብሏል። ከግድግዳው ወዲያ ነርስ ተኝታ ነበር። በሩን ብታንኳኳ ይበቃ ነበር። አንተ ለከረጢቱ አፍ ተጨነቅክ።»

አለቃው ሰንሰለቱን ይዞ ከነርሷ አጠገብ ተነሳና መምህሩ እጅ ላይ አጠለቀው። ለሴቲቱ ይቅርታ አላላትም። ዶዘር በመንገዱ ላይ ቆሞ ሳለ መምህሩ ቀና ብሎ አየው። ዶዘር ፊቱን አዞረና አሳለፈው።

አለቃውና ፖሊሱ መምህሩን ይዘው ወጡ። ነርሷ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ እያለ ቆሟል።

«እታለም» አለ ዶዘር፣ «ወደ ሌላው ክፍል ልውሰድሽ?»

«ሲገፋው» አለች ነርሷ፣ «የት ደርሶ ነበር የሚሰማው?»

«ሦስተኛው ዘፈን ላይ» አለች መርማሪዋ።

ነርሷ ማጫወቻውን አየችው። ከዚያ የሦስት ቀን ኩርፊያ ወዲህ አቧራውን እንኳ ነክታ የማታውቀው ዕቃ ነው።

«ከጭረቱ በኋላ ያለውን አሰሙኝ» አለች። «ሳይሰማው የቀረውን።»

መቀስ መምህሩ ወለሉ ላይ ትቶት የሄደውን ሸክላ ከሽፋኑ አወጣች፣ ጎንበስ ብላ ጭረቱ የሚያበቃበትን ፈለገች፣ መርፌውን ከእሱ አሳልፋ አወረደችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ጆሮዋንም አልያዘችም። ሽማግሌው ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የመታውን ምት ጣቱ ጉልበቱ ላይ ተከተለው፤ አንድም አልሳተም። መርማሪዋ ጓንቷን እያወለቀች በሩ ላይ ቆመች። ሥራዋን ጨርሳለች፤ መሄድ ትችል ነበር። ጎኑ እስኪያልቅ ግን ቆመች።