ሳትጣራ የመጣች ባቡር

ባቡር ነጂው የመጀመሪያውን የሐይቅ ዳር ኩርባ ሳይጨርስ ዝናቡ የፊት መስተዋቱን እንደ ጠጠር ይደበድበው ጀመር። ባቡሪቱ ባለ አንድ ፉርጎ ናት፤ በገደልና በውሃ መካከል ተወሽቀው መንገድ ያጡትን አራት መንደሮች በሳምንት አንድ ቀን ታገናኛለች። በዚያ ቀን የያዘችው ሦስት ነፍስ ነበር፤ ነጂው፣ ምላሰ ስሏ ትኬት ቆራጭ፣ ከሆስፒታል ድና የወጣችው የሐዲድ ጠባቂው ልጅ።

ይህች ሴት ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ፉርጎ በቃሬዛ ስትሄድ ሐኪም ተስፋ አልሰጣትም ነበር። አባቷ በመጨረሻው መንደር ብቻውን የሚኖር፣ ልቡ የደከመ ጡረተኛ ሐዲድ ጠባቂ ነው። ሲሸኛት፣ «ጣቢያ ድረስ መምጣት አልችልም፤ ስትመለሺ ጡሩምባውን ከደጄ ሆኜ እሰማለሁ» ብሏት ነበር። በሐይቁ ዳር፣ ሬሳ የጫነች ባቡር ጡሩምባ አትነፋም። ልማዱን ያስጀመረው ራሱ ሐዲድ ጠባቂው ነው። ሚስቱን ባመጡለት ዕለት፣ «ሬሳ ይዛችሁ እንደ ሰርገኛ አትንፉብኝ» ብሎ ለመነ፤ ከዚያ ወዲህ የባቡሪቱ ዝምታ መርዶ ሆነ።

ከሁለተኛው መንደር በኋላ ገደሉ ተንዶ ሐዲዱን ቀብሮት አገኙት። ነጂው አካፋ ይዞ ወረደ፤ ትኬት ቆራጭዋ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው።

«ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ግቢ!»

«ጋሼ፣ የምቆርጠው ትኬት ነው፤ ተስፋማ አልቆርጥም። ያቀብሉኝ አካፋውን!»

ሁለት ሰዓት ጭቃ ዛቁ። ሐዲዱ ብቅ ሲል መዳፋቸው ተልጦ ነበር።

ከገደሉ ወዲያ ሐዲዱ በደንገል መካከል ያልፋል። ነጂው ጡሩምባውን አንዴ ነፋ፤ ደንገሉ ተሰንጥቆ አንዲት ጉማሬ ከነግልገሏ ሐዲዱ ላይ ቆመች። ፍሬኑን ረገጠው። መንኮራኩሮቹ እያፏጩ ተንሸራተቱ። ጉማሬዋ ግልገሏን ወደ ውሃው ገፍታ ዞረችና በድምፁ ላይ ተወረወረች፤ ከፊት መብራቱ ሥር የተሰካውን ጡሩምባ ከነቧንቧው ገንጥላ ጣለችው። ፉርጎው ተንገዳግዶ ቆመ፤ አልተገለበጠም።

ነጂው የተጨማደደውን ብረት አንሥቶ አየውና ወረወረው።

ሴቲቱ በመስኮት ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ያለ ጡሩምባ አባቴ ደጅ አይደረስም። ያውቃሉ።»

«ከመጨረሻው ኩርባ ወዲህ አቆማለሁ። ትኬት ቆራጭዋ በእግሯ ቀድማ መዳንሽን ትነግረዋለች። አይዞሽ።»

ምክሩ መልካም ነበር፤ መልካም ምክር ግን በመንገድ ላይ ይፈተናል።

ወንዙ ሞልቶ የድልድዩን እግር እየሸረሸረ ነበር። ጀልበኞች ጀልባዎቻቸውን ከጎርፉ አውጥተው ሐዲዱ ላይ ደርድረዋል፤ ባቡሪቱ መንገደኞቻቸውን ከወሰደችባቸው ወዲህ ደግ ቃል አውጥተውላት አያውቁም። አለቃቸውን «ረጅሙ» ይሉታል።

«ዞር በሉልን!» አለ ነጂው።

«ጉሮሯችንን የዘጋው ሐዲድ ዛሬ ጀልባችንን ቢሸከም ምን ይለዋል?» አለ ረጅሙ። «ውሃው እስኪጎድል ጠብቅ።»

«እስከዚያ ድልድዩ ይሄዳል!»

«ይሂድ! በጀልባ እናሻግርሃለን፤ በወዳጅ ዋጋ!»

ጀልበኞቹ ሣቁ። ከዚያ ረጅሙ ድንገት አንገቱን ቀና አደረገ። «ግን ጡሩምባ ሳትነፋ ነው የመጣኸው» አለ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ። «የሐዲድ ጠባቂው ልጅ ናት?»

እውነቱ አንድ ቃል ነበር። ነጂው ድልድዩን አየ፤ ጀልባዎቹን አየ፤ አንገቱን ደፋ። በፉርጎው ውስጥ ሴቲቱ አግዳሚው ላይ ተጋድማ አንሶላ ወደ ፊቷ ሳበች። «ሞቼ አላውቅም፤ እስኪ ልሞክረው» ብላ አንሾካሾከች፤ ትኬት ቆራጭዋም ሣቋን በመዳፏ አፈነች።

ዐሥራ ሁለቱ ጀልበኞች ጀልባዎቹን ከሐዲዱ አነሡ። ባቡሪቱ ድልድዩን ረገጠች፤ እንጨቱ ጮኸ፤ ብረቱ ተንቀጠቀጠ። መካከል ላይ ስትደርስ ከኋላ የረጅሙ ድምፅ መጣ፦

«ሽማግሌው ድንገት ሬሳ እንዳያይ በባሕረ ሰላጤው አቋርጬ ቀስ ብዬ ላርዳው! እናንተ በቀስታ ኑ!»

ነጂው መቆም አልቻለም፤ የቆመ ይሰጥም ነበር። ወዲያ ማዶ እንደ ወጣ ዘሎ ወርዶ፣ «በሕይወት አለች! ተመለስ!» ብሎ ጮኸ። ጎርፉ ቃሉን ዋጠው። ቀጭኗ ጀልባ ጭጋጉን ሰንጥቃ ጠፋች።

ሐዲዱ ሰላጤውን ይዞራል፤ ጀልባ ግን ያቋርጠዋል። ነጂው ሞተሩ የሚችለውን ሁሉ አስገደደው። ሴቲቱ የቀዶ ጥገና ስፌቷን በአንድ እጅ ደግፋ በመፍቻ የመስኮቱን ብረት ትቀጠቅጥ ነበር። «አባዬ! አለሁ! አባዬ!» ጭጋጉ ጥጥ ሆኖ ድምፅዋን ያዘው።

ሲደርሱ የቤቱ በር ክፍት ነበር። ረጅሙ ደጁ ላይ ቆሞ፣ በእግሯ ስትመጣ ባያት ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«የት አለ?» አለችው።

«አላለቀሰም። ‹የምትቀበረው ከእናቷ ጎን ነው› ብሎ አካፋውን አነሣ። ‹አካፋውን ልቀበልዎ› ብለው፣ ‹የልጄን ጉድጓድ እኔ› አለኝ።»

የእናቷ መቃብር ወዳለበት ኮረብታ ሮጡ። ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ደርሷል። ሽማግሌው በጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ግንባሩን የአካፋው እጀታ ላይ አስደግፏል፤ ባርኔጣው ውሃ አቁሯል። ሴቲቱ ወረደችና ጉንጩን ዳሰሰችው። ገና ይሞቅ ነበር።

«አባዬ፣ መጣሁ» አለችው። ደግማም አለችው።

ረጅሙ ወደ ነጂው ዞረ። «አንድ ቃል ነበር እኮ። ‹አለች› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አልዋሸሁህም...» ብሎ ነጂው ጀመረ፤ ዐረፍተ ነገሩን ሊጨርሰው አፈረ። አንደበቱ ያልዋሸውን አንገቱ ዋሽቶታል።

ሌላ አካፋ አመጡ። ሁለቱ ባላንጣዎች ጎን ለጎን ቆፈሩ። ጉድጓዱ በሴቲቱ ልክ ተጀምሮ ነበር፤ ለአባቷ አስረዘሙት።

ድልድዩ ተጠግኖ ባቡሪቱ ስትመለስ አዲሱ ጡሩምባ ገና አልመጣም። ነጂው ቁራጭ ሐዲድ በመስኮቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው በመዶሻ ይመታው ነበር፤ በደንገሉ፣ በገደሉ፣ ሰው በሌለበት ሁሉ። ፉርጎው ባዶ ነበር።

«ጋሼ፣ እጅዎ ደማ» አለችው ትኬት ቆራጭዋ። «መንደሩ እኮ ገና ሩቅ ነው።»

«የሚያዳምጥ ሰው የት እንደ ተቀመጠ አይታወቅም» አላት፤ መምታቱንም ቀጠለ።